ጥሬዋም ቀልታ ነበር

ጋሽ ፉፋ ሆራ የተቀበሩ ዕለት አንድ ሰውዬ ተነሥቶ «ጨዋ፣ ጸጥተኛ፣ የእርሻው የረጅም ጊዜ ሠራተኛ ነበሩ» ብሎ ተቀመጠ። አለቀ! ሃያ አራት ዓመት የሠሩትን ሰው በአንድ ትንፋሽ ሸኛቸው። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ዝም ብዬ ሰማሁት። ዝም በማለት እኔን የሚያህል የለም። ዛሬ ግን እናገራለሁ። ለማንም ይጠቅማል ብዬ አይደለም፤ ሆዴ ስለሚነድ ነው።

አበዛሽ እባላለሁ፤ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የስኳር እርሻ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። እዚያ ውስጥ የአገዳ ምርምር ላቦራቶሪ ነበረ። ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ የሚግል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በ1973 ረዳትና መዝገብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር ጋሽ ፉፋ እዚያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የወለንጪቲ ሰው ናቸው፤ የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው። ጠርሙስ አጣቢ ሆነው ገብተው ከአብዮቱ በፊት የነበረው ፈረንጅ የቀለም ሥራ አስተማራቸው። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ሙያው እሳቸው ጋ ቀረ።

ሥራው እንዲህ ነው። የአገዳው የሥር ጫፍ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ስልሳ ዲግሪ የሞቀ አሲድ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀቀላል። ከዚያ ሺፍ የሚባል እንደ ውሃ የጠራ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚሉት አለ፤ ዘርን ከእናት ወደ ልጅ የሚያሻግረው እሱ ነው። ሺፉ እሱን ሲያገኝ ይቀላል። ብዙ ካለ አጥብቆ ይቀላል፣ ጥቂት ካለ ይገረጣል። ማይክሮስኮፑ ላይ ደግሞ ብርሃን መለኪያ ተገጥሟል፤ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደከለከለ በቁጥር ይናገራል። ያ ቁጥር የዲ ኤን ኤው መጠን ነው ይባላል። «ይባላል» የምላችሁ ከጋሽ ፉፋ የለመድኩት ነው። እሳቸው ስለ ቀለም ሲያወሩ «ነው» ብለው አያውቁም።

«ኢንታላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አሥራ ሁለት ደቂቃ ማለት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ካሳነስሽው ዲ ኤን ኤው አይከፈትም፤ ካበዛሽው ሟሙቶ ይወጣል። በሁለቱም ቀለሙ ይገረጣል። አንቺ ግን አገዳው ነው የደኸየው ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየዙሩ አንዷን ስላይድ፣ ሥሩ የተለጠፈባትን ቀጭን መስታወት፣ አሲድ ሳያስነኩ በቀጥታ ሺፍ ውስጥ ይነክሯታል። እኛ «ጥሬዋ» ነው የምንላት፣ ስላልተቀቀለች። ጥሬዋ መቅላት የለባትም። ነጭ ሆና ከወጣች የሌሎቹ ቅላት እውነተኛ ነው። ከቀላች ግን ቀለሙ የመጣው ከዲ ኤን ኤው ሳይሆን ከሌላ ነገር ነው፤ የዚያን ዙር ሥራ ሙሉውን መጣያ። አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ልፋታችንን በጥሬዋ ምክንያት አፍስሰውት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«ሽሮሽ ቢያርብሽ ለእንግዳ ታቀርቢዋለሽ?» አሉኝ።

«ሌላ ከሌለ ምን አደርጋለሁ፣ አቀርባለኋ!»

«እንግዲያው አንቺ ሚኒስትር ትሆኛለሽ» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጠው በሩን አዩ። ዘመኑ እንዲህ ነበር፣ ቀልዶ በር የሚታይበት።

የሠሩትን ሁሉ ጥቁር ጀርባ ባለው ደብተር ይጽፋሉ። አሲዱ ስንት ዲግሪ ነበር፣ መብራት ስንት ሰዓት ሄደ፣ ሺፉ ከተበጠበጠ ስንት ቀኑ ነው፣ ጥሬዋ እንዴት ወጣች። እጃቸው ያምራል። የሳምንት ሥራቸውን አንብቤ አንዲት ስርዝ ድልዝ አላገኝም ነበር። ከአባቴ ቀጥሎ የማከብረው ሰው ማን ነው ብትሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን ስል ግን አፌ ይመረኛል።

በ1975 አዲስ ኃላፊ መጣብን፤ ዶክተር ሙሉብርሃን የሚባል፣ ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ። ጎበዝ አይደለም አልልም። ችኩል ነው እንጂ። አንድ አገዳ በመድኃኒት ነክሮ አስኳሉ ውስጥ ያለውን ዲ ኤን ኤ እጥፍ አደርጋለሁ፣ እጥፍ ሲሆን አገዳውም ይወፍራል፣ ስኳሩም ይበዛል ብሎ ተነሣ። «ቁጥር አሥራ አራት» ብሎ ሰየመው። ክረምቱ የ1976 ነው። መስከረም ሲጠባ አሥረኛው የአብዮት በዓል ይከበራል፣ ፓርቲው ይመሠረታል፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ለአሥረኛው ዓመት ምን አበረከታችሁ?» እየተባለ ይጠየቃል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! ዶክተሩም ቁጥር አሥራ አራትን ላበርክት አለ። የቀረው ዲ ኤን ኤው እጥፍ መሆኑን በቀለም ማሳየት ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ ሰልፋይት አለቀብን። ሰልፋይት ምን ያደርጋል ብትሉ፣ ስላይዱ ከሺፍ እንደወጣ በሰልፋይት ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ አስኳሉ ላይ ያልተጣበቀውን የሺፍ ትራፊ አጥቦ የሚያወጣው እሱ ነው። አዲስ አበባ ደብዳቤ ተጻፈ። የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ጠብቁ ተባለ። ዶክተሩ ግን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

«በቧንቧ ውሃ እጠቡት» አለ።

የኛን የቧንቧ ውሃ ማን የማያውቀው አለ? ከጉድጓድ ተስቦ የሚመጣ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጥል፣ የልጆቻችንን ጥርስ ቡናማ ያደረገ ውሃ ነው። የሺፍ ትራፊ እሱን ሲያገኝ ዲ ኤን ኤ ኖረ አልኖረ ይቀላል። ጋሽ ፉፋ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ድሮ ጀማሪ ሳሉ ተሳስተው አጥበውበት፣ ፈረንጁ ጮኾባቸው ነው።

«ዶክተር፣ ይህ ውሃ ሁሉን ያቀላዋል» አሉት።

«ጋሽ ፉፋ፣ ውሃ ውሃ ነው። እኔ ይህንን ተምሬበታለሁ።»

«ጀርመን አገር ያለውን ውሃ ነው የተማሩት፤ ይኼ የኛ ነው» አሉ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የሚናገሩት፣ ሲናገሩ ግን አይመለሱም። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን አዞርኩ። ዶክተሩ አልሳቀም።

ታጠበ። ጥሬዋ ቀላች። በዓይኔ በብረቱ አየኋት፤ ሮዝ ሆና፣ ከአስኳሉ አልፎ ሕዋሱ ሁሉ ቀለም ነክቶት። ቁጥር አሥራ አራት ደግሞ መለኪያው ላይ አንድ መቶ አንድ አለ። አምና በሰልፋይት የታጠበው አሮጌው አገዳ ሃምሳ ሁለት ነበር። ዶክተሩ በደስታ ጠረጴዛውን መታው፤ «እጥፍ! አልኳችሁ እኮ፣ እጥፍ!»

«ዶክተር፣ አሮጌውንም በዚሁ ውሃ አጥበን እንየው። እሱም እጥፍ ይሆናል» አሉ ጋሽ ፉፋ።

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ዶክተሩ ግን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጦ ወጣ። ጋሽ ፉፋ ቁጭ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከጎናቸው ቆሜ ስለነበር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ነሐሴ 9 ቀን 1976። ሰልፋይት የለም። በጉድጓድ ውሃ ታጥቧል። ጥሬዋም ቀልታለች። ይህ ቁጥር አይታመንም። ለዶክተር ተነግሯል።» ከሥሩ ፈረሙ። ያንን መስመር ከእሳቸው ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በሳምንቱ ዶክተሩ ጠራኝና ለሪፖርቱ የደብተሩን ንጹህ ግልባጭ አዘጋጂ አለኝ። «አስተያየት አስተያየቱን ተዪው። ቁጥር ብቻ ይበቃል።» ገለበጥኩ። ነሐሴ 9 ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ አለፍኩት። ከሥር «ግልባጩ ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተደረገበት። ዋናው ደብተር እኔ ቁምሳጥን ውስጥ ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ወንጀል የሠራሁ አልመሰለኝም። አለቃ አዘዘ፣ ጻፍኩ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

መስከረም ላይ ቁጥር አሥራ አራት ተጨበጨበለት። ዶክተሩ የምስጋና ወረቀት ተቀበለ፤ እኔ ከረዳትነት ወደ ቴክኒሺያንነት አደግሁ። ሁለት መቶ ሄክታር ላይ የነበረው አሮጌ አገዳ ተነቅሎ አዲሱ ተተከለ። ጋሽ ፉፋ በመስኮት ትራክተሮቹን እያዩ «ዋቀዮ» ብለው ፈጣሪን ጠሩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

አገዳ ለመድረስ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሲደርስማ ታየ! ቀጭን፣ አንጓው የተጠጋጋ፣ ጫፉ ላይ ጥላሸት የመሰለ በሽታ የወጣበት። ፋብሪካው ጨምቆ ጨምቆ የአሮጌውን ግማሽ እንኳ አላገኘበትም። አገዳ ቆራጮቹ፣ በቆረጡት ልክ የሚበሉ ሰዎች፣ እንደዚያ ሲከሱ አይቼ አላውቅም። ኅዳር 1979 ላይ ከአዲስ አበባ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። አንዲት ቃል ይዞ ነው የመጣው፦ አሻጥር። ያን ጊዜ አሻጥር የተባለ ሰው ማን እንደሚያድነው አይታወቅም። ስህተት የሚባል ነገር ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ካለ ያበላሸ ጠላት መኖር አለበት።

ዶክተሩ ምን አለ? «እኔ ቁጥሩን የተቀበልኩት ከቀለም ባለሙያው ነው። ቀለሙን የነከረው ፉፋ ነው» አለ። ጋሽም አንቱም ቀረ።

ጋሽ ፉፋ ግን አልደነገጡም። ምሳ ሰዓት ላይ ወደኔ መጥተው፣ «አበዛ፣ ያቺን የ76 ደብተር አውጪልኝ። ሐሙስ ይጠይቁኛል፤ አሳያቸዋለሁ፣ ያልቃል» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሐሳብ የለም። እኔ ግን ጠዋት ዶክተሩ አስጠርቶኝ ነበር። አልጮኸም፣ አልዛተም። ግልባጩን ፊቴ ዘርግቶ «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ። «ዋናው ላይ ሌላ ነገር ከተገኘ ግልባጩን ያጭበረበረው ማን ሊሆን ነው?» ያለኝ ይኸው ነው፤ ወጣሁ።

ታናሽ ወንድሜ በ1970 ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። አስከሬኑን እንኳ አላየንም። እናቴ እሱ ይመጣል ብላ በሩን ሳትቀረቅር የምትተኛ ሴት ናት፤ ከሱ ወዲያ ያለኋት እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የነበረውን እንድታውቁ ነው።

ደብተሩን በቦርሳዬ ናዝሬት ወሰድኩት። ከሰሉ እምቢ ሲለኝ ቅጠል ቅጠሉን እየገነጠልኩ አቀጣጠልኩበት። ነሐሴ 9ም ነደደች። የዚያን ዕለት ራታችንን ያበሰልነው በጋሽ ፉፋ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እናቴ «ዛሬ እሳቱ ደህና ያዘ» አለችኝ። በማግስቱ ለጋሽ ፉፋ «ቁምሳጥኑ ውስጥ የለም» አልኳቸው። «ይገኛል፣ አንቺ አይተሽው የለ? ዋናው እሱ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው ጓድ ወዬሳ የሚባል፣ ቀጠን ያለ ካድሬ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፣ ደጋግሞም ይጠይቅ ነበር። «ፉፋ ሆራ፣ ቀለሙ ስህተት መሆኑን ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም። ለዶክተር ተናግሬአለሁ። ጽፌአለሁም።»

«ጽሑፉ የታለ?»

«ደብተሩ ለጊዜው ጠፍቷል። ግን አበዛሽ አይታዋለች። ስጽፍ አጠገቤ ነበረች። እሷን ጠይቁ፣ እሷ አትዋሽም።»

አያችሁ! ማንም አላስገደደኝም ለምስክርነት፤ የጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በኔ እርግጠኛ ሆነው። ተነሣሁ። ጓድ ወዬሳ «ጓዲት፣ እንዲህ ያለ ማስታወሻ አይተሻል?» አለኝ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ያገላብጣል። ጋሽ ፉፋ ደግሞ አይዞሽ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ፣ የፈራሁት አዳራሹን መስሏቸው።

«አላየሁም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። እኔ የማውቀው ግልባጩን ነው።»

ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ቢጮኹ፣ ውሸታም ቢሉኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ምናለበት! አንድ ቃል አልወጣቸውም። እንደዚያው ወሰዷቸው። ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። የእርሻው ቤት በሳምንቱ ተቀማ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ወለንጪቲ ገባች። ዶክተሩ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ ከፍ ወዳለ ወንበር። የቀለሙ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ጥሬዋን ተውኳት። አዲሱ ኃላፊ ሺፍ ይባክናል አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፤ ደግሞስ በየትኛው ፊቴ ነው የማያት? ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት የወጣ ቁጥር እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ይወቀው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ውሸት ነው። የተቃጠለ እውነት ምኑ ይጠራል!

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልግባ። እስካሁን ያልኳችሁ ከዚህ ይሻላል።

ጋሽ ፉፋ የተፈቱት በ1982 ነው። የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ቀትር፣ ናዝሬት ቤቴ መጡ። በሩን ከፍቼ አየኋቸው። ከስተዋል፣ ግንባራቸው ወጥቷል። በፌስታል ቦሎቄ ይዘዋል፤ ከወለንጪቲ ያመጡልኝ። ለኔ!

«አካም ጅርታ፣ አበዛ? እናትሽ ደህና ናት?»

እናቴ ባለፈው ክረምት ማረፏን ነገርኳቸው። እኔም ብቻዬን ነበርኩ። ልብ በሉ፤ ቤቱ ውስጥ ካድሬ የለም። ዶክተር የለም። የማድናት እናት የለችኝም። ደርጉ ራሱ መውደቂያው ደርሶ ሰው በየአውቶቡሱ አፍ አውጥቶ ያማው ጀምሮ ነበር። የምፈራው አንድ ነገር አልነበረም።

ምሳ አቀረብኩ። ትንሽ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሦስት ዓመት እዚያ ስቀመጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ያቺን ቀን ጽፌአለሁ እላለሁ። እጄ ሲጽፍ፣ አንቺ ከጎኔ ስትቆሚ ይታየኛል። ግን አንቺ አላየሁም አልሽ። አንቺ አትዋሺም። እንግዲህ ወይ አንቺ ዋሽተሻል ወይ እኔ ያልጻፍኩትን ጽፌአለሁ ብዬ አስቤአለሁ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል ይላሉ፤ ያሰበውን የሠራው ይመስለዋል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ለኮሚቴ አይደለም፣ ለማንም አልናገርም። ለራሴ ብቻ። ጽፌው ነበር?»

አንድ ቃል ነበር የፈለጉት። «አዎ»። ደብተር ሳይሆን፣ ካሣ ሳይሆን፣ አዎ ብቻ። አእምሯቸው ጤና መሆኑን አውቀው እንዲገቡ። ይህን ቃል በዓለም ላይ ሊሰጣቸው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓይናቸውን አየሁ። አዎ ካልኩ ቀጥሎ «ታዲያ ለምን?» እንደሚመጣ አየሁ። ከሰሉን፣ ራቱን መንገር ሊኖርብኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፍርሃት ነበር፣ ፍርሃትን ሰው ይረዳዋል። ያን ቅዳሜ የያዘኝ ግን እፍረት ብቻ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

«አልጻፉትም፣ ጋሽ ፉፋ» አልኳቸው። «ሊጽፉ አስበው ይሆናል። እኔ አላየሁም።»

መሬቱን አዩ፣ ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ተነሡና ባርኔጣቸውን ይዘው ወደኔ ጠጋ አሉ።

«እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ሳማሽ ኖርኩ። አንዳንድ ቀንማ እረግምሽ ነበር። ጥፋቱ የኔ ሆኖ። ይቅር በይኝ፣ ኢንታላ ኮ።»

እኔም፣ ያንን ሰው፣ በራፌ ላይ ቆሜ፣ ይቅር አልኳቸው።